ጣና ላይ አንድ ቀን፦ አስጎብኚው የሚያሳየንና የሚያልፈው



ደብረ ኤልያስ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ተማሪዎቻችንን ይዘን ለጉብኝት ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ደብረ ኤልያስ ያደገ ልጅ ዓባይን የሚያውቀው ከላይ ሆኖ ቁልቁል አይቶት ነው። ወረዳው በደቡብ በኩል የሚያበቃው ዓባይ ሸለቆ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ «በረሃ» ሲሉ እሱን ማለታቸው ነው። ስለዚህ ጀልባዋ ወንዙ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ቦታ ስትደርስ ልጆቹ ግራ ተጋቡ። ውሃው ድምፅ የለውም፤ መፍሰሱ ራሱ አይታወቅም። «ይሄ ነው ጎጃምን ዞሮ እኛ ጋ የሚመጣው?» አለ አንዱ። አዎ፣ እሱ ነው።

እዚያው አካባቢ አንድ ሰው በታንኳ እንጨት ጭኖ አለፈ። አስጎብኚያችን ጣቱን ቀሰረና «ይህ ታንኳ ይባላል፤ ከደንገል ነው የሚሠራው። ሠሪዎቹ ወይጦዎች ናቸው» አለ። ቀጥሎም ስለ ጉማሬ ሥጋ አንድ ቀልድ ጣል አደረገ። ልጆቹ ሳቁ። ከኋላዬ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሙስሊም ተማሪ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ እነሱ ሙስሊም ናቸው ይባላል። እውነት ነው?»

«አዎ ናቸው» አልኳትና ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። አስጎብኚውንም ቀልዱን ተው አላልኩትም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ የማውቀው ነገርም አልነበረኝም፤ እኔም ሳድግ የሰማሁት ያንኑ ቀልድ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ ነው። እግረ መንገዴንም አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ጣና ላይ አንድ ቀን በአስጎብኚ ቢያሳልፍ ምን እንደሚያይ፣ ምን ምን ጥያቄ እንደሚገጥመው ላስረዳ።

የወደብ ቀን ማለት ምን ማለት ነው?

በባሕር ዳርቻ አገሮች የታወቀ የጉብኝት ዓይነት አለ። ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ጠዋት ወደብ ላይ ይቆማል፤ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪዎቹ ይወርዳሉ፤ አስጎብኚ ይቀበላቸዋል። አሮጌውን ከተማ፣ ገበያውን፣ ምሽጉን ያሳያቸዋል፤ ምሳ ይበላሉ፤ ማታ መርከቡ ይዟቸው ይሄዳል። ጎብኚው «ዛንዚባርን አየሁ» ብሎ አገሩ ይገባል። ያየው ግን አንድ ሰው መርጦ ያሳየውን ስድስት ሰባት ሰዓት ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ጊዜ አጭር ነው፣ አንዱን ለማሳየት ሌላውን መተው ግድ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ የሚተወው አንድ ዓይነት ነገር ሲሆን ነው።

እኛ ባሕር የለንም። ወደብ ግን አለን፤ በደቡብ ባሕር ዳር፣ በሰሜን ጎርጎራ። በሁለቱ መካከል ለዓመታት ሰውና ጭነት ስታመላልስ የኖረችው ጣናነሽ ናት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጂቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ስትመጣ አገሩ ሁሉ በየስልኩ ተከታትሏታል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣልሏል። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ15 ሜትር እምብዛም አይዘልም። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል።

የተለመደው የአንድ ቀን ጉዞ እንዲህ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ከወደቡ ትነሳላችሁ። ጀልባዋ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ታመራለች፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በቡና ጫካ ውስጥ በእግር ወጥታችሁ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትን ገዳማት ታያላችሁ። ስትመለሱ ክብራንና እንጦስ ደሴቶች ጋ ቆም ይባላል፤ ከዚያ ደብረ ማርያምና ዓባይ የሚወጣበት ቦታ፣ ጉማሬ ከታየም ጉማሬ። ከሰዓት ንፋስ ስለሚነሳና ማዕበሉ ትናንሽ ጀልባዎችን ስለሚያስቸግር አብዛኛው ጉዞ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ያልቃል። የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁ፤ ለልጆቻችሁ የሚሆን መጠን መኖሩንም ከመሳፈራችሁ በፊት አረጋግጡ። ከሩቅ የምትመጡ ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታጣሩ አትነሱ።

ገዳማቱንና ሙስሊሙ ጎብኚ

ከዝርዝሩ እንደምታዩት ቀኑ በአብዛኛው የገዳማት ቀን ነው። ይህም ተገቢ ነው። በጣና ደሴቶች ያለው የብራና መጽሐፍና የግድግዳ ሥዕል የአገር ሀብት ነው፤ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ የበርካታ ነገሥታት አፅም ያረፈበት ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ከባለቤታችሁ ጋር እዚያ ደርሳችሁ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ቀኑ ይበላሻል።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው፦ «ሙስሊም ቤተ ክርስቲያን መግባት ይችላል?» በዚህ ዑለማዎች ተለያይተዋል። የጠሉት አሉ፤ በተለይ ሥዕል ባለበት። የፈቀዱም አሉ፤ ከሐንበሊዎቹ ኢብኑ ቁዳማ ፈቃጅ ከሆኑት አንዱ ናቸው። የባለቤቶቹን ፈቃድ መጠየቅን ቅድመ ሁኔታ ያደረጉም አሉ። በአምልኮ ሰዓት ገብቶ በሥርዓቱ መሳተፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጉብኝት የሚባለው እሱ አይደለም። ልባችሁ ካልፈቀደ ውጪ ሆናችሁ ቡና ጫካው ውስጥ መቆየት ትችላላችሁ። ማንም አያስገድዳችሁም፤ እናንተም የገባውን አትኮንኑ።

በዚህ ጉዳይ ሁሌም ትዝ የሚለኝ የእናቶቻችን የኡሙ ሐቢባና የኡሙ ሰለማ ነገር ነው። ሁለቱም ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ናቸው። ኋላ በሐበሻ ምድር ስላዩት ማሪያ ስለሚባል ቤተ ክርስቲያንና በውስጡ ስላለው ሥዕል ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተርከውላቸዋል። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ አለ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልስ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በደጋግ ሰዎች መቃብር ላይ የአምልኮ ቤት መሥራትንና ሥዕል ማኖርን ነቀፉ። ስለዚህ ሐዲሱን ለቱሪዝም ማስረጃ አላደርገውም። ነገር ግን ሁለቱ እናቶች በእንግድነት የኖሩበትን አገር በዓይናቸው አይተው፣ ያዩትን አስታውሰው፣ ውበቱን ጭምር ተርከዋል። እምነታቸውም ንቅንቅ አላለም።

ሌላው ሳይነሳ የማይቀረው የግራኝ አሕመድ ታሪክ ነው። አስጎብኚው «ይህ መጽሐፍ ከግራኝ ተደብቆ የተረፈ ነው» ሲል ጀልባው ውስጥ ያሉት ዓይኖች ወደ ሙስሊሙ ልጅ ዞር ይላሉ። እኔ አስተማሪ ሆኜ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በጦርነቱ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸው እውነት ነው፤ ራሱም በ1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ተገድሏል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ልጁ ግን ሌላውንም ማወቅ አለበት። በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ሲጋጩ ብዙ ደም ፈሷል። በ1660 ዓ.ም. የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖባቸዋል፤ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሙን «ተጠመቅ ወይም አገር ልቀቅ» የሚል ፈተና አምጥቶበታል። ልጁ ይህን የሚማረው ለመልስ ምት እንዲሆነው አይደለም። ታሪኩ አንድ ወገን ብቻ የሚያፍርበት እንዳልሆነ እንዲያውቅና አንገቱን ደፍቶ እንዳይቀመጥ ነው።

ሶላቱና ምሳው

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ከደብረ ኤልያስ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሙሳፊር ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ብቻ እንኳ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ አራት ረከዓዎቹን ወደ ሁለት ያሳጥራል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ዙሁርና ዐስርን መሰብሰብም ይችላል። ሐነፊዮች እንዲህ ያለውን መሰብሰብ አይቀበሉም፤ ማሳጠሩን ግን አጥብቀው ይይዛሉ። የባሕር ዳር ነዋሪ ሆኖ ለዘጌ ጉብኝት ብቻ የተነሳ ሰው ግን ርቀቱ ስለማይሞላ ሙሉ ይሰግዳል። ዘጌ መሄድ ሰፈር ለሰፈር እንደመዞር ነው፤ ጀልባ ላይ መሆን ብቻውን ሙሳፊር አያደርግም።

ዙሁር የሚገባው ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ የብስ ላይ ናችሁ። ጀልባ ላይ ከደረሰባችሁ መቆም የቻለ ቆሞ፣ መውደቅ የፈራ ተቀምጦ ይሰግዳል። ቂብላን መፈለግ አያስቸግርም። መካ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ አቅጣጫ ላይ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምትሄድ ጀልባ አፍንጫዋ ወደ ቂብላ የቀረበ ነው። ስትመለስ በተቃራኒው ነው። ውዱእ ለማድረግ ሐይቁ አጠገባችሁ ነው።

ምሳ ዓሣ ነው። ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ ሲመጣ፣ አምባዛው በቁርጥ ሲቀርብ፣ ስለ እርድ የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ ዓሣ እርድ አይሻም። የምትጠይቁት ዘይቱንና መጥበሻውን ነው። ያፈረ አይብላ፤ ጠይቁ፣ አይቆጡም።

ታንኳው

አሁን ወደዚያች ልጅ ጥያቄ ልመለስ።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ጫፉ እንደ ጃንጥላ የተበተነ ተክል ነው። ይታጨዳል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ እየተጠቀለለ በልጥ ይታሰራል። አፍንጫው ቀና ብሎ ይጎነበሳል። ምስማር የለበትም፤ ጣውላ የለበትም። ውሃ ከላይ ቢገባበትም አይሰምጥም፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ እንጂ ባዶው ሆድ አይደለም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ውሎ ሲያድር ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ማታ ማታ ወደ ዳር ጎትቶ ያደርቀዋል። እንዲህ ተጠብቆም ዕድሜው በወራት ነው የሚቆጠረው። ያረጀው ይጣላል፤ አዲስ ይሠራል። በዚህ ነገር ላይ እንጨት፣ ሣር፣ ፍየል፣ ሰውም ተጭኖ ከዘጌ ባሕር ዳር ሲመላለስ ኖሯል።

የጥንት ግብፆች በዓባይ ላይ ተመሳሳይ ጀልባ ነበራቸው፤ በመቃብር ግድግዳቸው ላይ ሥለውታል። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ አሳሽ «የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር» የሚለውን ሐሳቡን ለመፈተን ሲነሳ ደንገሉን ያሳጨደው ከጣና ነው። ጭነቱ ግብፅ ደርሶ ፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች ተሠራ። «ራ» የተባለችው ያቺ ጀልባ ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ለመጨረስ ጥቂት ሲቀራት ተበላሸች፤ በዓመቱ «ራ ሁለት» ባርባዶስ ደረሰች። የጣና ደንገል ስም በዓለም ተነሳ። በዚያው ደንገል ጀልባ ሲሠሩ የኖሩትን የጣና ሰዎች ግን ማን አነሳቸው?

ሰዎቹ ነገደ ወይጦ ይባላሉ። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ይኖራሉ። ወንዶቹ ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ ሴቶቹ ከደንገል ቅርጫት ይሠራሉ። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጣና በመጣ ጊዜ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊያጠኑት የመጡ ሰዎች ግን አማርኛ ሲናገሩ ነው ያገኟቸው። ዛሬ ቋንቋው የለም። ከአማርኛቸው ውስጥ የቀሩ ጥቂት ቃላት ብቻ ተመዝግበዋል። አንድ ሕዝብ አፉን ሙሉ ሲቀይር ዙሪያው ምን ያህል ቢከብደው ነው?

እና አዎ፣ ሙስሊሞች ናቸው። ራሳቸውን የሚጠሩት በሙስሊምነት ነው።

ደንገሉም እየራቀ ነው። ረግረጉ ሲታረስ፣ ከብት ሲሰማራበት፣ ዳርቻው ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲፈለግ፣ በሌላ በኩል እምቦጭ ሐይቁን ሲወር፣ ታንኳ ሠሪው ለአንድ ታንኳ የሚሆን ደንገል ለማግኘት የሚሄደው መንገድ ረዘመ። መሬት ለሌለው ሰው የሐይቁ ዳር ማለት እርሻው ማለት ነው። ገበሬ መሬቱ ሲወሰድበት ካሳ ይጠይቃል፤ ደንገል አጫጅ ግን የማንን ካርታ ይዞ ይጠይቃል?

እኛስ?

ቀልዱን የፈጠረው አስጎብኚው ብቻ ቢሆን ጽሑፉ እዚህ ባለቀ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ክርስቲያኑ ጉማሬ በላተኛ ብሎ ሲሸሻቸው፣ ሙስሊሙም በዚያው ምክንያት ሸሽቷቸዋል። በጋብቻ አልተቀላቀላቸውም፤ ሙስሊምነታቸውን ሲጠራጠር ኖሯል። ሁለት ክስ ይቀርባል። አንዱ ጉማሬው ነው። በውሃም በየብስም የሚኖሩ እንስሳትን መብላት በተመለከተ የፊቅህ ሊቃውንት ራሳቸው በአንድ ቃል አልተስማሙም። «ክልክል ነው» የሚለውን አቋም እንኳ ብንይዝ፣ ያልተፈቀደ ምግብ የበላ ሙስሊም ኃጢአት ሠራ እንላለን እንጂ ዘሩን ከጀመዓ አናወጣም። ደግሞ ጉማሬ መብላቱን ትተውታል። ትተውትም ስሙ አልተዋቸውም፤ እኔ ጀልባው ላይ የሰማሁት ቀልድ ስለ አያቶቻቸው ነበር፣ ስቀን የነበረው ግን በልጅ ልጆቻቸው ነው።

ሁለተኛው ክስ ለዓባይ ይሠዉ ነበር የሚለው ነው። ይህ ከተውሒድ ጋር የሚጋጭ ነገር ነው፤ ማለባበስ አያስፈልግም። ግን ለወንዝ፣ ለዛፍና ለዛር መሠዋት በዚህ አገር የማን ሙስሊም፣ የማን ክርስቲያን አካባቢ ያላየው ነገር ነው? ሌላውን ስናገኝ «ዕውቀት አልደረሰውም፣ ዳዒ ይላክለት» እንላለን። እነሱን ስናገኝ «ድሮም ሙስሊም አይደሉም» አልን። ልዩነቱን ያመጣው ዐቂዳ አይመስለኝም። ንቀት ነው።

ይህን ስጽፍ የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር አለ። እኛ የጎጃምና የጎንደር ሙስሊሞች ንቀትን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርነው። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» እየተባልን ነው ያደግነው። አባቶቻችን ርስት ተከልክለው በንግድና በሽመና ኖሩ፤ ሽመናውም ራሱ ስድብ ሆነባቸው። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ የወጡት ሙስሊሞችና አጋሮቻቸው ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። ባዳ ተደርጎ መጠራት እንዴት እንደሚያም እናውቃለን። ያንኑ አጠራር ወስደን ከእኛ ለደከመው ሰጠነው። ሱረቱል ሑጁራት በሰዎች መሳለቅንና በመጥፎ ስም መጠራራትን የከለከለችው ለእኛም ጭምር ነው።

ለአስጎብኚው ምን እንበለው?

ነገሩ ከባድ አይደለም። ጀልባ የሚከራየው ከማኅበራቱ ጋር በመነጋገር ነው፤ የት የት እንደምትቆሙ የምትስማሙት ከመነሳታችሁ በፊት ነው። «ታንኳ የሚሠራበት ቦታም እንቁም» በሉ። አንድ ሰዓት ቢጨምርባችሁ ነው። ደርሳችሁ ሰላምታ ስጡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ቅርጫት የምትገዙ ከሆነ ከሠራችው ሴት እጅ ግዙ። ልጆቻችሁ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር ይዩ፤ የትምህርት ቤት ጉብኝት የምትመሩ መምህራንም እንዲሁ። ገንዘብ መወርወርን ግን ተዉ፤ ያዋርዳል። «ወይጦ» የሚለውን ቃል ብቻውን ስድብ አድርገው የሚጠሩት ስላሉ «ነገደ ወይጦ» በሉ። አስጎብኚው ቀልዱን ሲጀምር ደግሞ «ወንድም፣ እነሱ ወንድሞቻችን ናቸው» ማለት ይበቃል። እኔ አላልኩትም፤ እናንተ በሉት።

እኔ የሄድኩት ዘግይቼ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሌላ ጉዳይ ባሕር ዳር ወስዶኝ፣ ከሰዓቱን ነፃ ሳገኝ በእግሬ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ግማሽ የደረሰ ታንኳ ፊት ለፊት ተቀምጠው ልጥ ያጠብቃሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ።»

ቀና ብለው አዩኝና ሰላምታዬን ሞልተው መለሱልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ደብረ ኤልያስ አልኳቸው።

«እናንተ ጋ ሲደርስ ቀይ ነው ይላሉ።»

«በክረምት ነው፣ አባባ። በበጋ ይጠራል።»

«ከእኛ ሲወጣስ ንጹሕ ነው» አሉ፤ የቤታቸውን ልጅ እንደሚያመሰግን ሰው።

ደንገሉን ከየት እንደሚያመጡት ጠየቅኳቸው። በእጃቸው ወደ ሰሜን አመለከቱኝ፤ ሩቅ ነው። ልጆቻቸው ሥራውን ይይዙ እንደሆነ ስጠይቃቸው አንደኛው የሞተር ጀልባ ላይ ረዳት እንደሆነ ነገሩኝ። «ቱሪስት ያሳፍራል። የማን ልጅ እንደሆነ ግን ለሰው አይናገርም» አሉና ልጡን በጥርሳቸው ይዘው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ከዚህ በፊት ያጓጓዘኝ ጀልባ ላይ ገመድ ሲጥል የነበረውን ወጣት ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። አላየሁትም ነበር።

ዐስር ሲገባ ሥራቸውን አስቀምጠው ሐይቁ ዳር ውዱእ አደረጉ። እኔም አደረግሁ። ሁለት ወጣቶች ተጨመሩ። ሽማግሌው ወደ ፊት አለፉ፤ እኛ ከኋላቸው ቆምን። እኔ ሙሳፊር ነበርኩ፣ ብቻዬን ብሰግድ ሁለት ረከዓ ይበቃኝ ነበር። ከነዋሪ ኢማም ኋላ የሚሰግድ ሙሳፊር ግን እንደ ኢማሙ ይሞላል። አራት ሰገድኩ።